ኤቢአርን አውቶማቲክ ማድረግ፦ ማሽኑ «አላወቅኩም» ማለት እንዲችል

«መስማትን በአንጎል ምላሽ የሚለካውን ምርመራ፣ ኤቢአርን፣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሠራው እንዴት ላድርግ?» ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የባዮሜዲካል ተማሪዎች፣ የላብራቶሪ ሠራተኞችና የጆሮ ክፍል ቴክኒሻኖች ናችሁ። የምልክት ማጉያ አላችሁ፣ ላፕቶፕ አላችሁ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትሞካክራላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ግራ ያጋባችኋል። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። ኤቢአር የምንለው ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው ከመስማት ነርቭና ከአንጎል ግንድ የሚነሳ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ድምፁ በተሰማ በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ውስጥ ሞገዶች ተከታትለው ይወጣሉ። ለእኛ ሥራ ዋናው አምስተኛው ሞገድ ነው። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ሌሎቹ ቀድመው ይጠፋሉ፣ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል። ተመርማሪው እጁን ማንሳት ወይም «ሰማሁ» ማለት አይጠበቅበትም። ተኝቶም ይሠራል። ለጨቅላ ሕፃናት የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ችግሩ የምልክቱ ማነስ ነው። ከ0.1 እስከ 0.5 ማይክሮቮልት ገደማ ቢሆን ነው። በዚያው ቆዳ ላይ የሚርመሰመሰው የአንጎልና የጡንቻ እንቅስቃሴ ግን አሥርና ሃያ ማይክሮቮልት ይደርሳል። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሊኮች (በጣም አጫጭር ድምፆች) እናሰማና አማካዩን እንወስዳለን። ባለሙያ ሲሠራው መስመሩን በዓይኑ አይቶ ይወስናል። አውቶማቲክ ሲሆን የሚወስነው ሒሳብ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ። ፕሮግራማችሁ ሦስት መልስ ይኑረው፦ «ምላሽ አለ»፣ «ምላሽ የለም»፣ «አላወቅኩም»። የሚላክልኝ ኮድ አብዛኛው ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። ጆሮው ያልሰማበት ቅጂ ላይ ሞገድ አይታይም። ሕፃኑ ሲፈራገጥ የተቀዳ ቅጂ ላይም ሞገድ አይታይም። ሁለቱን የማይለይ ማሽን ደህና የሚሰማን ልጅ «አይሰማም» ብሎ ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሳል። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ወደዚህ ሦስተኛ መልስ የሚያደርሱ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

በሰው ቆዳ ላይ ሽቦ እያሰራችሁ ነው። ማጉያው ለሰው አካል የተሠራና ከኤሌክትሪክ መስመር የተገለለ መሆን አለበት። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፤ ሰው ተያይዞበት እያለ ቻርጀር አትሰኩ።

በጆሮ ውስጥ ድምፅ እየለቀቃችሁም ነው። ከፍተኛውን መጠን በኮድ ብቻ ሳይሆን በድምፅ መቀነሻ መሣሪያም ገድቡት። ኮድ ይሳሳታል። የኮምፒውተሩን የኖቲፊኬሽን ድምፆች በሙሉ አጥፉ። ድምፁ ከፍ ተደርጎ ሳለ አንዲት የመልእክት ደወል በቀጥታ ጆሮ ውስጥ ብትገባ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች።

ራሳችሁ የሠራችሁት ሥርዓት ለመማርና ለምርምር ነው። ፈቃድ ባለው መሣሪያ ሳይረጋገጥ ለማንም የምርመራ ውጤት ሆኖ አይሰጥ። ሕፃን ለማስተኛት መድኃኒት የሚያዘው ደግሞ ሐኪም ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የተገለለ የባዮሲግናል ማጉያ፣ ቢያንስ ሁለት ቻናል ያለው፣ በሰከንድ 20,000 ናሙና ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ። በሰከንድ 250 ናሙና የሚወስዱት የኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ መቅጃ) ሰሌዳዎች አይሆኑም። በ4 ሚሊሰከንድ አንድ ናሙና ማለት ነው፤ ምላሹ በሙሉ በሁለት ሦስት ነጥብ ያልቃል።
- ሁለት ቻናል ያለው የድምፅ ካርድ።
- ድምፁን በቱቦ የሚያደርስ፣ ጫፉ ላይ ስፖንጅ ያለው የጆሮ ማዳመጫ።
- ሦስት የብር ክሎራይድ ኤሌክትሮዶች፣ የቆዳ ማጽጃ ጄል፣ ኮንዳክቲቭ ፔስት፣ ጎዝ፣ ፕላስተር።
- የኤሌክትሮድ ኢምፒዳንስ (ቆዳውና ኤሌክትሮዱ ለኤሌክትሪክ ያላቸው ተቃውሞ) መለኪያ። ብዙ ማጉያዎች በውስጣቸው አላቸው። ተራ መልቲሜትር በሰው ላይ አትጠቀሙ፤ በኤሌክትሮዱ ቀጥታ ከረንት ያሳልፋል።
- ለካሊብሬሽን ኦሲሎስኮፕ፣ የጆሮን ቀዳዳ የሚተካ ካፕለርና የድምፅ መለኪያ።
- ሦስት ባለ 5 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች።
- ላፕቶፕ፣ ፓይተን፣ የፓይተን የሒሳብ ጥቅሎች ነምፓይና ሳይፓይ።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ምን እንዲመልስ እንደምትፈልጉ ወስኑ

ሁለት ዓይነት ሥራ አለ። አንደኛው ማጣሪያ ነው፦ በአንድ የድምፅ መጠን፣ በተለምዶ በ35 ዲቢ ኤንኤችኤል (ከጤናማ ጆሮ አንጻር የሚለካ የድምፅ መጠን፤ ደረጃ 2ን እዩ)፣ ምላሽ አለ ወይስ የለም? ሁለተኛው ምላሽ የሚገኝበትን ዝቅተኛውን ድምፅ መፈለግ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ተደጋግሞ ሲሠራ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እስኪያስተማምን ሁለተኛውን አትንኩ።

ደረጃ 2፦ ድምፁን ለኩ

ክሊኩ 100 ማይክሮሰከንድ ብቻ የሚቆይ ነው። ተራ የድምፅ መለኪያ አይደርስበትም። ዘዴው ይህ ነው። ማዳመጫውን ካፕለሩ ላይ ግጠሙና የክሊኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁመት በኦሲሎስኮፕ እዩ። ከዚያ የ1000 ኸርዝ ተከታታይ ድምፅ አጫውቱና ቁመቱ ከክሊኩ እኩል እስኪሆን አስተካክሉ። አሁን መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር የክሊኩ መጠን ነው። እሱን ወደ ኤንኤችኤል ለመቀየር የአይኤስኦ 389-6 መመዘኛ ለየማዳመጫው ዓይነት ማጣቀሻ ይሰጣል። 0 ዲቢ ኤንኤችኤል ማለት ጤናማ ጆሮ ያላቸው ወጣቶች ክሊኩን መስማት የሚጀምሩበት መጠን ነው።

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ካልለካችሁ «35 ዲቢ» የምትሉት ቁጥር የኮምፒውተሩ የድምፅ መጠን እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። የድምፅ ካርዱ ውስጥ ያሉ «ድምፅ ማሳመሪያ» ምርጫዎችንም አጥፉ፤ ክሊኩን ቅርጹን ይቀይሩታል።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

እያንዳንዱ ክሊክ የወጣበትን ቅጽበት በትክክል ማወቅ አለባችሁ። በኮምፒውተሩ ሰዓት አትመኑ። ላፕቶፑ ድምፁን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ትንሽ ቆይቶ ያወጣዋል። አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ ሞገዶቹ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ አማካዩ ጠፍጣፋ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአንዱ የድምፅ ቻናል ክሊኩን፣ በሌላው የምልክት ምት ላኩ። ሁለቱ በአንድ የድምፅ ፋይል ውስጥ ስለሆኑ አይለያዩም። ምቱን በቮልቴጅ መቀነሻና በማግለያ አሳልፋችሁ ወደ ማጉያው ሁለተኛ ቻናል አስገቡ። ያለ ማግለያ ካስገባችሁት ቅድም የጠበቃችሁትን መገለል ራሳችሁ አፈረሳችሁት ማለት ነው። ቅጂውን በየክሊኩ ስትቆርጡ ከዚህ ምት ተነሱ።

ድምፁ ቱቦውን ለማቋረጥ 0.8 ሚሊሰከንድ ያህል እንደሚወስድም አትርሱ። ከሞገዱ ሰዓት ላይ ቀንሱት።

ደረጃ 4፦ ሰው ከመንካታችሁ በፊት በሬዚስተር ሞክሩ

ሦስቱን ሬዚስተሮች በአንድ ጫፋቸው አንድ ላይ አገናኙ። ሌሎቹን ጫፎች ለሦስቱ የኤሌክትሮድ ገመዶች ስጡ። ማዳመጫውን አጠገቡ አስቀምጣችሁ 2000 ክሊክ አጫውቱ። ሬዚስተር አይሰማም፤ ስለዚህ አማካዩ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጉብታ ካያችሁ ከገመድ ወደ ገመድ የዘለለ ኤሌክትሪክ ነው። ሳይስተካከል ወደ ሰው አትለፉ።

ደረጃ 5፦ ቆዳና ኤሌክትሮድ

አንዱ ኤሌክትሮድ ከግንባር ላይኛው ክፍል፣ ፀጉር ከሚጀምርበት ዝቅ ብሎ፣ መሐል ላይ። ሁለተኛው በሚመረመረው ጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ። ሦስተኛው፣ መሬቱ (ግራውንዱ)፣ በሌላው ጆሮ ጀርባ።

ቆዳውን በጄል ቀስ ብላችሁ እሹ። መቅላት እስኪጀምር ይበቃል፤ መቁሰል የለበትም። ኢምፒዳንሱ ከ5 ኪሎ ኦም በታች ይሁን። ከዚያ ይልቅ የሚበልጠው ግን የሦስቱ መመጣጠን ነው። ማጉያው የመብራት ረብሻን የሚያስወግደው ሁለቱ ኤሌክትሮዶች እኩል ሲቀበሉት ነው። አንዱ 1፣ ሌላው 5 ኪሎ ኦም ከሆነ ረብሻው እኩል አይገባም፤ ስለዚህ አይሰረዝም። ልዩነቱን ከ2 ኪሎ ኦም አታሳልፉ።

የኤሌክትሮዶቹን ገመዶች ጎንጉኗቸው። የማዳመጫውን ገመድ በሌላ አቅጣጫ አውጡት።

ደረጃ 6፦ የክሊኩ ፍጥነትና አቅጣጫ

በሰከንድ 27.1 ክሊክ ጥሩ ነው። ነጥብ አንድ ለምን? የመብራት መስመር በሰከንድ 50 ጊዜ በሚመላለስበት አገር በሰከንድ 25 ክሊክ ብታሰሙ እያንዳንዱ ክሊክ የመብራቱ ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ረብሻው በአማካዩ አይጠፋም፤ እንዲያውም እንደ ምላሽ ይከማቻል። 60 በሆነበት አገርም 60ን ያለ ቀሪ የማያካፍል ቁጥር ምረጡ።

የክሊኩን አቅጣጫ ደግሞ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያፈራረቃችሁ አጫውቱ። ከማዳመጫው የሚዘለው ኤሌክትሪክ አብሮ ይገለባበጣልና አማካዩ ላይ ይጠፋል። የአንጎሉ ምላሽ ግን ብዙም አይቀየርም።

ደረጃ 7፦ ቅዱ፣ አጣሩ፣ ቁረጡ

ሙሉውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ። ሁልጊዜ። ፊልተር የተደረገበትን ብቻ ካስቀመጣችሁ ነገ ስህተት ስታገኙ መመለሻ የላችሁም።

ፊልተሩ ከ100 እስከ 1500 ኸርዝ ይሁን። መጀመሪያ ሙሉውን ቅጂ አጣሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ተቆርጦ የተጣራ ቁራጭ ጫፎቹ ላይ ይበላሻል። ለ50 ኸርዝ ብቻ የሚሠራ ጠባብ ፊልተር አትጨምሩ፤ የራሱን ሞገድ ይፈጥርባችኋል። የመብራት መስመሩን ረብሻ ከምንጩ አጥፉት።

ከእያንዳንዱ ምት ተነስታችሁ 20 ሚሊሰከንድ ቁረጡ። ከ20 ማይክሮቮልት በላይ የዘለለ ቁራጭ ካለ ጣሉ። ከመቶ ከ15 በላይ እየተጣለ ከሆነ ፕሮግራሙ ራሱ ይቁም። ሰውየው መንጋጋውን ነክሶ ይሆናል፣ ወይ ሕፃኑ ነቅቷል።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ትዕግሥትን የሚያስተምር እሱ ነው። በአማካዩ ላይ የሚቀረው ኖይዝ (ረብሻ)፣ የአንዱ ቁራጭ ኖይዝ ለቁራጮቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው። ድምፁ ሲቀንስ ምላሹ 0.1 ማይክሮቮልት ላይ ይወርዳል። እሱን አምኖ ለመለየት የሚቀረው ኖይዝ 0.025 ገደማ መድረስ አለበት። ነቅቶ አንገቱን ያወጠረ ሰው ኖይዝ 4 ማይክሮቮልት ነው እንበል። 25,600 ክሊክ ያስፈልጋል፤ ይህ 16 ደቂቃ ያህል ነው። ያው ሰው ተኝቶ ኖይዙ ወደ 2 ቢወርድ 6,400 ክሊክ ይበቃል። አራት ደቂቃ! ኖይዙ በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው በአራት ይካፈላል። ስለዚህ ሰውየውን በምቾት ለማስተኛት የምታጠፉት አሥር ደቂቃ ኪሳራ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ውሳኔውን ለቁጥር ስጡ

የምመክረው ኤፍኤስፒ የሚባለውን ነው። ሁለት ቁጥሮችን ያወዳድራል።

የመጀመሪያው ከአማካዩ መስመር ይወጣል፦ ከ5 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ባለው መስኮት ውስጥ መስመሩ ምን ያህል ይዋዥቃል? ቫሪያንሱን (የመዋዠቁን መጠን) አስሉ። ሁለተኛው ከነጠላ ቁራጮቹ ይወጣል፦ አንድ ነጥብ ያዙ፣ ለምሳሌ 8 ሚሊሰከንድ። በዚያች ነጥብ ላይ ቁራጮቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይለያያሉ? ቫሪያንሱን አስሉና በቁራጮቹ ብዛት አካፍሉ። ይህ የኖይዙ ግምት ነው። ምላሹ በሁሉም ቁራጭ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልዩነት አይጨምርም። የሚለያያቸው ኖይዙ ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ ኤፍኤስፒው ይህ ነው። ምላሽ ከሌለ መልሱ 1 አካባቢ ይውላል። ምላሽ ካለ ክሊክ በጨመረ ቁጥር እያደገ ይሄዳል። በሰፊው የሚሠራበት ወሰን 3.1 ነው፤ በስህተት «አለ» የማለት ዕድሉ 1 በመቶ ገደማ ይሆናል።

ግን 3.1 ለሁሉም ፊልተርና ለሁሉም መስኮት አይሠራም። የራሳችሁን ወሰን አውጡ። የቀዳችኋቸውን ቁራጮች ግማሽ ያህሉን በዘፈቀደ ገልብጡና አማካዩን አስሉ። ምላሹ ይሰረዛል፣ ኖይዙ ግን እንዳለ ይቀራል። ኤፍኤስፒውን መዝግቡ። ይህን 1000 ጊዜ ድገሙ። ከሺው ውስጥ አሥሩ ብቻ የሚያልፉት ቁጥር የእናንተ ወሰን ነው።

ደረጃ 9፦ የማቆሚያ ሕግ

ቁጥሩን በየ100 ክሊኩ አትመልከቱ። በተመለከታችሁ ቁጥር ኖይዙ በአጋጣሚ ወሰኑን የሚያልፍበት አዲስ ዕድል ትሰጡታላችሁ። ሠላሳ ጊዜ ያየ ፕሮግራም ስህተቱ 1 በመቶ አይደለም፤ በብዙ ይበልጣል። ለምሳሌ በ1,600፣ በ3,200፣ በ6,400 እና በ12,800 ክሊክ ላይ ብቻ እዩ። 1 በመቶውንም ለአራቱ አካፍሉት።

ከዚያ ሕጉ ይህ ነው፦

- ኤፍኤስፒው ወሰኑን ካለፈና የአምስተኛው ሞገድ ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ (ደረጃ 10ን እዩ)፣ «ምላሽ አለ»።
- ኤፍኤስፒው ካላለፈና የቀረው ኖይዝ ከ0.025 ማይክሮቮልት በታች ከሆነ፣ «ምላሽ የለም»።
- ክሊኩ ካለቀና ኖይዙ ካልወረደ፣ «አላወቅኩም፣ ድገሙ»።

የቀረው ኖይዝ በደረጃ 8 ያለው የሁለተኛው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። አስቀድማችሁ አስልታችሁታል፤ አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው የሚጨምረው።

ደረጃ 10፦ ድምፁን እያወረዱ መፈለግ

በ60 ዲቢ ጀምሩ። ምላሽ ካለ በ20 ውረዱ። ከሌለ በ10 ውጡ። 90ን አትለፉ። «አላወቅኩም» ካለ አትውረዱም አትውጡም፤ ኤሌክትሮዱን አይታችሁ እዚያው ድገሙ።

ውጤቱ «30 ዲቢ» የሚባለው በ30 ምላሽ ካለ፣ በ20 ደግሞ በንጹህ ቅጂ ከሌለ ነው። በ20 የተገኘው «አላወቅኩም» ከሆነ «30 ወይም ከዚያ በታች» ብላችሁ ጻፉ።

የሞገዱን ሰዓትም አረጋግጡ። በአዋቂ ሰው በ80 ዲቢ አምስተኛው ሞገድ 5.6 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወጣል። በ20 ዲቢ ወደ 8 ይጠጋል። በጨቅላ ሕፃን ከዚህም ይዘገያል። ድምፁ ቀንሶ ሰዓቱ ካልዘገየ ያያችሁት የአንጎል ምላሽ አይደለም።

ደረጃ 11፦ ድምፅ በሌለበት ፈትኑት

ይህን ደረጃ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። አንድ ቀን የማዳመጫውን ቱቦ አጥፌ በክሊፕ ያዝኩት። ድምፅ ጆሮ አይደርስም። ማሽኑ ግን በ1,600 ክሊክ «ምላሽ አለ» አለኝ። መስመሩን ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ ላይ ትልቅ ጉብታ አለ፣ ከኋላው እየተወዛወዘ የሚከስም ጭራ። ጭራው 6 ሚሊሰከንድ ላይ ሲደርስ ቁርጥ አምስተኛውን ሞገድ ይመስላል። ለካ የማዳመጫው ገመድ ከኤሌክትሮዱ ገመድ ጋር ተጠላልፏል። ክሊኩንም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር የማጫውተው። ፊልተሩ ደግሞ ያንን ጉብታ ጎትቶ አስረዝሞታል። ገመዶቹን ለያየሁ፣ አቅጣጫውን አፈራረቅሁ፣ ጠፋ። ያን ቀን ባልሞክረው ኖሮ ለማይሰማ ጆሮ «ይሰማል» እያለ ይቀጥል ነበር።

የአንድ ሰዓት ድምፅ አልባ ቅጂ 97,000 ያህል ቁራጭ ይሰጣል። በ1,600 ስትከፍሉት 60 ሙከራ ነው። ከአምስት ሰው 300 ሙከራ ታገኛላችሁ። ለአራቱ ባልተካፈለው የ1 በመቶ ወሰን ከ300ው «አለ» ያለው ሦስት አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ሃያ ከሆነ የሆነ ቦታ ስህተት አለ።

ተቃራኒውንም ፈትኑ። በዚሁ ድምፅ አልባ ቅጂ ላይ 0.1 ማይክሮቮልት የሆነ ሰው ሠራሽ ሞገድ በኮድ ጨምሩበትና ያገኘው እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 12፦ መዝግቡ

ከእያንዳንዱ ውጤት ጋር የክሊኩ ብዛት፣ የተጣለው መጠን፣ የቀረው ኖይዝ፣ ኤፍኤስፒው፣ ኢምፒዳንሱና የኮዱ ቨርዥን ይቀመጥ።

ተደጋግመው የማያቸው ስህተቶች

*12 ሚሊሰከንድ አካባቢ ትልቅ ሞገድ።* ከጆሮ ጀርባ ያለችው ጡንቻ ለድምፅ ትነቃነቃለች። ከአንጎል ግንዱ ምላሽ በብዙ ትበልጣለች፤ ኤፍኤስፒውንም ታስጨፍረዋለች። ሰውየው አንገቱን ያሳርፍ፤ ካልሆነ መስኮቱን አጥብቡ።

*ስፖንጁ በደንብ አልገባም።* ድምፁ ያፈተልክና «ምላሽ የለም» ይላል። ስፖንጁን ጠቅልላችሁ አስገቡና እስኪሰፋ ያዙት። የጆሮ ኩክ ቱቦውን ደፍኖት እንደሆነም እዩ።

*የደከመው ጆሮ «ሰማ»።* ድምፁ ከፍ ሲል በአጥንት በኩል አልፎ ደህናው ጆሮ ሊሰማው ይችላል። ለሌላው ጆሮ የሚሸፍን ድምፅ ስጡ።

*«ምላሽ አለ» ማለት «መስማቱ ሙሉ ነው» ማለት መምሰሉ።* ክሊክ ከሁሉም በላይ ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ ያለውን ክፍል ነው የሚፈትነው። ዝቅ ባሉ ድምፆች ብቻ የሚደክም ጆሮ ሊያመልጠው ይችላል። «ምላሽ የለም» ሲልም ኮክሊያው (የውስጠኛው ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ክፍል) ደህና ሆኖ ነርቩ ምልክቱን አብሮ ማስተላለፍ ያቃተው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የኮክሊያውን የራሱን ድምፅ የሚለካው ምርመራ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ በሪፖርቱ ላይ «የመስማት ችግር አለ» የሚል ቃል እንዳይጽፍ አድርጉ። የሚጽፈው የለካውን ብቻ ይሁን፦ በዚህ መጠን፣ በዚህ ኖይዝ፣ ምላሽ ተገኘ ወይም አልተገኘም።